የባቄላ አዝመራ አያያዝ

የባቄላ አዝመራ አያያዝ ባቄላ ፍሬ ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ታጭዶ፣ ተወቅቶና ተበጥሮ ጎተራ እስኪገባ ድረስ የሚደረግለት ክብካቤ ነው። ባቄላ (ሳይንሳዊ ስሙ ቪሲያ ፋባ) በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ፣ በተለይ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች በአነስተኛ ማሳ ላይ የሚዘራ ጥራጥሬ ነው። በዓለም ላይ ብዙ ባቄላ ከሚያመርቱ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በክረምቱ በደንብ ያደገ ባቄላ እንኳ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ካልተጠበቀ ሊበላሽ ስለሚችል፣ የቤተሰቡ የዓመት ሽሮና የሚቀጥለው ዓመት ዘር በዚህ ወቅት አያያዝ ይወሰናል።

አበሳሰል

ባቄላ በአብዛኛው በሰኔና በሐምሌ ይዘራል፤ በመስከረምና በጥቅምት እሸት ይደርሳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። ጊዜው እንደ ቦታው ከፍታና እንደ ዝርያው ይለያያል። ተክሉ ከታች ወደ ላይ ስለሚያብብ ፍሬውም የሚበስለው በዚያው ቅደም ተከተል ነው። የታችኛው ቆባ (ፍሬውን የሚሸፍነው ልባስ) ጠቁሮ ሲደርቅ የላይኛው ገና አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። የአጨዳውን ቀን መምረጥ አስቸጋሪ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

እሸት

ፍሬው ሞልቶ ሳይደርቅ እሸት ይባላል። ጥሬውን ወይም ተቀቅሎ ይበላል፣ ወደ ገበያም ይወጣል። የአሮጌው ዓመት እህል ባለቀበት ሰሞን ስለሚደርስ ለቤተሰቡ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም በእሸትነቱ ብዙ ከተለቀመ ለደረቅ እህልና ለዘር የሚቀረው ያንሳል። ስለዚህ ለዘር የታሰበውን የማሳ ክፍል አስቀድሞ ለይቶ አለመንካት ይጠቅማል። በዚህ ጊዜ ዝንጀሮ፣ ጃርትና ከብት እንዳይገቡበት ማሳው ይጠበቃል።

ፀረ ተባይ የተረጨ ማሳ ከሆነ፣ በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን ሳያልፍ እሸቱን መብላትም ሆነ መሸጥ አይገባም።

በሽታ፣ ተባይና የአየር ሁኔታ

* ቸኮሌት ስፖት፦ ቦትሪቲስ ፋቤ በተባለ ፈንገስ የሚመጣ ሲሆን፣ በቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። እርጥበት ሲበዛ ቅጠሉን በፍጥነት ያረግፋል፤ ፍሬውም ሳይሞላ ይቀራል።
* ዋግ፦ በቅጠልና በግንድ ላይ የዝገት መልክ ያለው ብናኝ የሚያሳይ የፈንገስ በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ በወቅቱ መጨረሻ ይታያል።
* ጓይ ትል፦ ቆባውን በስቶ ገብቶ ፍሬውን ይበላል። ትሉ ትንሽ ሳለ ማሳውን እየዞሩ መልቀም በአነስተኛ መሬት ላይ ይቻላል።
* ሥር አበስብስ፦ ውኃ በሚተኛበት ጥቁር (ኮትቻ) አፈር ላይ ይከፋል። በእንዲህ ያለ መሬት ውኃ ማፋሰሻ ቦይ ክረምቱ እስኪወጣ ክፍት መሆን አለበት። ዋልኪና ሃጫሉ የተባሉት የተሻሻሉ ዝርያዎች ለዚህ ዓይነት መሬት የወጡ ናቸው።
* ውርጭና ያለወቅቱ የሚመጣ ዝናብ፦ ውርጭ ገና አረንጓዴ የሆነውን ቆባ ያኮማትራል። ዝናብ ደግሞ የደረሰውን ያሻግታል፣ የፍሬውን መልክም ያበላሻል።

አጨዳ

ባቄላ የሚታጨደው ቅጠሉ ረግፎ፣ ግንዱና የታችኛው ቆባ ሲጠቁር ነው። የላይኛው እስኪደርቅ ከተጠበቀ የታችኛው ይፈነዳና ምርጡ ፍሬ መሬት ላይ ይቀራል። በጣም ቀድሞ ከታጨደም ፍሬው ይጨማደዳል፣ ክምሩም ይሻግታል። ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ ማጨድ ቆባው እንዳይፈነዳ ይረዳል።

ከመንቀል ይልቅ በማጭድ ማጨድ ይመረጣል። ምክንያቱም በባቄላ ሥር ላይ በሚገኙ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን ስለሚወስዱ፣ ሥሩ መሬት ውስጥ ሲቀርና ሲበሰብስ ቀጥሎ የሚዘራው ስንዴ ወይም ገብስ ይጠቀማል።

ውቂያና ዘር መረጣ

የታጨደው በደንብ እስኪደርቅ ተከምሮ ይቆይና በአውድማ ላይ በበሬ ይወቃል፤ በመንሽና በላይዳም ከገለባው ይለያል። ገለባው ለከብት መኖ ይሆናል። ለዘር የሚሆነው ግን በሽታ ካልነካው፣ ብዙ ቆባ ከያዘ ተክል ቆሞ ሳለ ቢመረጥና ለብቻው በዱላ ቀስ ብሎ ቢወቃ ይሻላል፤ የተሰነጠቀ ፍሬ በደንብ አይበቅልምና። ንቦች የአበባውን ዱቄት ከማሳ ወደ ማሳ ስለሚያደርሱ፣ ዘር ከሌላ ዝርያ ጎን ከበቀለ ማሳ ባይወሰድ ይመረጣል።

ክምችት

ባቄላ ጎተራ ከመግባቱ በፊት በፀሐይ ይሰጣል። በጥርስ ሲነከስ ምልክት ብቻ ይዞ የሚቀር ከሆነ ገና አልደረቀም፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ነቀዝ ከአሮጌው እህል ወደ አዲሱ ስለሚሸጋገር ጎተራው አስቀድሞ መጠረግ አለበት። አየር የማያስገባ ከረጢት ውስጥ በደንብ ታስሮ የተቀመጠ ደረቅ ባቄላ ያለ መድኃኒት ሊቆይ ይችላል፤ ውስጡ ያለው ነቀዝ አየር አጥቶ ይሞታልና። ከረጢቱ ከተቀደደ ወይም ቶሎ ቶሎ ከተከፈተ ግን ይህ ጥቅሙ ይቀራል።