ቀባሪ ያጣች ከተማ፦ የ1900ው የጋልቬስተን ማዕበል

እኛ ድንኳን ተክለን፣ ንፍሮ ቀቅለን፣ ሬሳ ሸኝተን ስንመለስ ቀባሪ ማጣት ምን እንደሆነ እምብዛም አናስበውም። በአንድ ሌሊት ቀባሪ ስላጣች ከተማ ዘንድሮ ልናወጋችሁ የመረጥነው ለዚህ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጋልቬስተን በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ግዛት፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር ባለች ደሴት ላይ የተቆረቆረች ወደብ ናት። በ1900 ወደ 38,000 የሚጠጋ ሕዝብ ነበራት፤ ጥጥ ወደ ውጭ እየላከች በልጽጋለች። ጉዱ መሬቷ ላይ ነው። ከፍተኛው ስፍራዋ እንኳ ከባሕር ወለል በላይ 2.7 ሜትር ብቻ ነበር።

አደጋው ሳይታሰብ የቀረ አይደለም። በዚያው ጠረፍ ያለችው ኢንዲያኖላ በ1875ና በ1886 በማዕበል ፈርሳለች። በጋልቬስተንም ግንብ ይሠራ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። ነገር ግን የአየር ጠባይ ሹሙ አይዛክ ክላይን በ1891 በጋዜጣ ላይ «ስጋቱ ከንቱ ነው» የሚል ሐተታ አወጣ። ግንቡም ሳይሠራ ቀረ።

ማዕበሉ የደረሰው ሴፕቴምበር 8 ቀን 1900፣ ቅዳሜ ነው። በእኛ ጳጉሜን 3 ቀን 1892 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ በዘመነ ምኒልክ የሩፋኤል ዕለት። እዚህ ልጆች በዝናቡ ሲጠመቁ፣ እዚያ ውሃ ከተማ ይውጥ ነበር። ባሕሩ ከ4.5 ሜትር በላይ ተነሥቶ ደሴቲቱን አለበሳት። የፈረሰው ቤት ሳንቃ በውሃው እየተገፋ ያልፈረሰውን ይደበድብ ነበር። ወደ 3,600 ቤት ወደመ። የሞተው ሕዝብ ቢያንስ 6,000 ነው፤ 8,000 የሚሉም ብዙ ናቸው። የክላይንም ሚስት ከሟቾቹ አንዷ ነበረች። በአንድ የሙት ልጆች ማሳደጊያ 10 መነኮሳት ልጆቹን በገመድ ከወገባቸው ጋር አሰሩ፤ መነኮሳቱና 90 ልጆች አብረው ሞቱ። የተረፉት 3 ወንዶች ልጆች ብቻ ናቸው።

ከዚያ የመጣው የባሰ ነው። መሬቱ ጨቅይቷል፣ ሬሳው ከቀባሪው በዝቷል። 700 ያህሉን በጀልባ ጭነው፣ ክብደት አስረው ባሕር ጣሉት። ባሕሩ ግን መልሶ ዳር ላይ አወጣው። በመጨረሻም ሬሳውን በተገኘበት ያቃጥሉ ጀመር፤ እሳቱ ለሳምንታት አልጠፋም። ስንቱ ስሙ ሳይጠራ፣ አልቃሽ ሳይኖረው ዐመድ ሆነ!

የተረፉት ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከ1902 እስከ 1904 ከ5 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ግንብ ሠሩ። ቀጥለውም ከ2,000 በላይ ቤቶችን በክሪክ እያነሡ ሥራቸውን በአሸዋ ሞሉት። በ1915 ሌላ ብርቱ ማዕበል መጣ፤ ከግንቡ ኋላ ያለው ከተማ ግን እንደ ቀድሞው አላለቀም።

አባላት ሆይ! ግንቡን ለመሥራት አቅሙ ቀድሞም ነበር፤ የጠፋው መስማማቱ ነው። እኛ ባሕር የለንም፣ ጎርፍ ግን አለን። የቀብር ገንዘብ እንደምናዋጣ ሁሉ፣ ክረምት ሳይገባ ቦያችንን በጋራ እንጥረግ፤ ብቻቸውን የሚኖሩትን አረጋውያን ቤት ቀድመን እንየው። ለቀብር የማይቀር ሰው፣ ቀብሩን ለማስቀረትም አይቅር።