ማሽኑን ራሱን መጠየቅ፦ የትንንሽ መገልገያ ፕሮግራሞች ግንባታ ታሪክ



ፋይል የምንቀዳባቸው፣ የምንሰርዝባቸውና የምንዘረዝርባቸው የትእዛዝ መስመር መገልገያዎች ከምንጭ ኮድ ተነሥተው ለሥራ የሚበቁት ጥቂቶች ብቻ ገልጠው በሚያነቧቸው ፋይሎች መመሪያነት ነው። የዛሬው ገለጻዬ ስለ እነዚህ ፋይሎች ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 ስቱዋርት ፌልድማን በቤል ላብራቶሪ ሜክ የተባለውን መሣሪያ ሠሩ። የትኛው ፋይል ከየትኛው እንደሚመነጭ ከተነገረው፣ ሜክ ለውጡ የነካውን ብቻ ለይቶ እንደገና ኮምፓይል ያደርጋል። ትእዛዝ የያዘ መስመር ግን በታብ መጀመር ነበረበት። ፌልድማን ይህን ለማረም ሲያስቡ ተጠቃሚዎቹ ደርዘን ያህል ሆነው ነበርና እነርሱን ላለማስቸገር ተዉት። ያ ይሉኝታ እስከ ዛሬ ተማሪዎቻችንን ያስመርራል።

ዩኒክስ በየአምራቹ እጅ እየተለያየ ሲሄድ ደግሞ አንዱ ያለው ፈንክሽን በሌላው ዘንድ ይታጣ ጀመር። በ1991 ዴቪድ ማኬንዚ ለፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን የግኑ መገልገያዎችን ይንከባከቡ ነበር፤ ተጠቃሚው በሜክፋይሉ ውስጥ በእጁ የሚመርጣቸው አማራጮች ወደ 20 ደርሰው ነበር። በዘመኑ የነበረው አንዱ መፍትሔ የየስርዓቱን ባሕርይ በሰንጠረዥ መዝግቦ መያዝ ነው። ማኬንዚ ግን የሁሉንም ስርዓት መዝገብ ወቅታዊ አድርጎ መያዝን ተስፋ የሌለው ድካም አድርገው ቆጠሩት። የእርሳቸው ስክሪፕት የማሽኑን ስም አይጠይቅም፤ አጭር የሙከራ ፕሮግራም ኮምፓይል አድርጎ ይሞክራል። ሙከራው ከሠመረ ፈንክሽኑ አለ ማለት ነው። ስክሪፕቶቹ በዝተው በእጅ ማደሱ ሲያዳግታቸው የሚያመነጭላቸውን አውቶኮንፍን ሠሩ። በእኔ ዳኝነት ይህ ሐሳብ ከሜክ ይልቃል፤ ስክሪፕቱ ሲጻፍ ገና ያልተሠራ ማሽን እንኳ ሊመረመር ይችላልና።

ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። የተመነጨው ስክሪፕት ብዙ ሺህ መስመር ይሆናል፤ ማን ያነበዋል? በ2024 ኤክስዜድ በተባለው የመጭመቂያ መገልገያ 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ ሥውር መግቢያ ተገኘ። ሂደቱን የሚያስጀምረው የኤም4 ፋይል ለሁሉ ክፍት በሆነው የኮድ ማከማቻ ውስጥ አልነበረም፤ የተቀመጠው በሚሰራጨው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነው። ከግንባታ ፋይሎች ክምር መካከል ማንም አልለየውም። የተደረሰበትም አንድሬስ ፍሮይንድ የተባሉ መሐንዲስ የኤስኤስኤች ግንኙነት በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተውለው ምክንያቱን በመከታተላቸው ነው። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ጥቅል አዘጋጆች የተሰራጨውን ስክሪፕት ትተው ከኮድ ማከማቻው ራሳቸው ማመንጨትን መርጠዋል።