ትንሽ አውሮፕላንና የአበሻ ተራራ

ሐራ ገበያ ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ የተመለከተ ሰው የሚያየው ግድግዳ ነው። ቆላው ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ ሳለ የወሎ ደጋ ድንገት ሽቅብ ይነሳል። ለእግረኛ ዳገት ነው፣ ለሾፌር ጠመዝማዛ። በአንድ ሞተር ለሚበር ትንሽ አውሮፕላን ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ስለ በረራ ታሪካችን ሲወራ የሚነሳው ሁሌም አየር መንገዱ ነው። ትንንሾቹ አውሮፕላኖችና አብራሪዎቻቸው የከፈሉት ዋጋ እምብዛም አይወሳም።

የመጀመሪያው አውሮፕላን ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። ከዓመት ትንሽ በኋላ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዓለ ንግሥ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የመጀመሪያው ታዋቂ አደጋ ደረሰ። ሁበርት ጁሊያን፣ "የሐርለሙ ጥቁር ንስር" የሚባለው የትሪኒዳድ ተወላጅ፣ ንጉሡ የሚሳሱለትን ጂፕሲ ሞዝ ይዞ ተነሳና ባሕር ዛፍ ላይ ሰቀለው። እሱ አውሮፕላኑ ተነካክቷል ብሎ ተከራከረ። ንጉሡ ግን ከአገር አስወጡት።

ተነካክቶም ይሁን አይሁን፣ አየሩ ራሱ በቂ ወጥመድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ተራ የፒስተን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ክንፉም ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ ማኮብኮቢያው ያጥራል፣ ዛፉ ይቀርባል። ቀትር ላይ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ይብሳል። በባሕር ዳርቻ ሜዳ ላይ የሰለጠነ አብራሪ ይህን በመጽሐፍ ቢያውቀውም እጁ አያውቀውም።

ልምድም ቢሆን ሁልጊዜ አያድንም። ጆን ሮቢንሰን ከጣሊያን ወረራ በፊት የኢትዮጵያን ጥቂት አውሮፕላኖች የመራ፣ ከነፃነት በኋላም ተመልሶ አብራሪዎችን ያሰለጠነ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ይህን ሰማይ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የውጭ ሰው ጥቂት ነው። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በትንሽ አውሮፕላን ሲበር ወድቆ፣ በደረሰበት ጉዳት ሞተ።

ከሁሉም የሚያስገርመው ግን ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ነው። በአየር ትርኢት ላይ አውሮፕላን እየገለበጠ ሕዝብ ሲያዝናና የኖረ ወጣት ነበር፤ ለደስታው የሚበር ሰው ማለት ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ግን የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ በሰሜን ጦር ግንባር በነበሩበት ወቅት፣ ከሐራ በስተሰሜን ባለችው ቆረም፣ ቀይ መስቀል የተቀባውን አውሮፕላኑን የጣሊያን አብራሪዎች መሬት ላይ እንዳለ አወደሙት። ጊዜው መጋቢት 1928 ዓ.ም. ነው።

ሰውዬው አልቀረም። ተመልሶ በቢሾፍቱ የአየር ኃይሉን ማሰልጠኛ አቋቋመ። በግንቦት 1939 ዓ.ም. ደግሞ ተጨማሪ ነዳጅ በጫነ ሳዓብ ሳፊር ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ድረስ ሳያርፍ በረረ፦ 6,220 ኪሎ ሜትር፣ ወደ 31 ሰዓት፣ በአንድ ሞተር። እብደት የሚመስለው ይህ በረራ በእውነቱ የነዳጅ፣ የክብደትና የአየር ጠባይ ስሌት ነበር።

ወሎን ከመታው ረሃብ በኋላ በ1960ዎቹ አጋማሽ ሽበታሙ ካውንት እንደገና መጣ። አሁንም በትንንሽ አውሮፕላኖች፣ መኪና በማይደርስባቸው ተራራማ ቦታዎች ዝቅ ብሎ እየበረረ እህል ጣለ። ዝቅ ብሎ መብረር ጀብዱ ቢመስልም ከባድ ሒሳብ አለው። ገደሉ ሥር የገባ አብራሪ ከፊቱ ያለው ዳገት ከሞተሩ አቅም በፍጥነት የሚያድግ ከሆነ፣ መዞሪያ ስፍራ ሳያጣ መመለስ አለበት። ከገደሉ አፋፍ ወደ ታች የሚደፍቀው ነፋስም አለ።

ይህ የትንሽ ሞተር ችግር ብቻ አለመሆኑን ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. አሳየ። አሜሪካዊው የምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ሲጓዝ፣ የተሳፈረበት ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን በመጥፎ አየር ተራራ ላይ ተጋጭቶ 16 ሰዎች አለቁ። ስብርባሪው የተገኘው ከቀናት ፍለጋ በኋላ ነበር።

ፎን ሮዘንን ግን ተራራው አልገደለውም። ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ፣ በፊንላንድና በቢያፍራ ሰማይ የተረፈው አብራሪ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ጎዴ ላይ፣ የሶማሊያ ጦር ባደረሰው ጥቃት፣ መሬት ላይ እንዳለ ተገደለ።