የስብ ሕዋሳትን ለይተው የሚደርሱ ናኖ ቁሶች፦ በውፍረት ሕክምና ላይ የተጀመረ የምርምር መንገድ

ከመጠን ያለፈ ውፍረት በዓለም ላይ በፍጥነት እየተስፋፉ ከሚገኙ የጤና ችግሮች አንዱ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ በ2022 ከስምንት ሰዎች አንዱ ከዚህ ችግር ጋር ይኖር ነበር። ውፍረት ለስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊት፣ ለልብ ሕመም እና ለአንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች ያጋልጣል። ተመራማሪዎች መድኃኒትን በቀጥታ ወደ ስብ ሕዋሳት የሚያደርሱ እጅግ ጥቃቅን ቁሶችን በመሥራት ለችግሩ መፍትሔ እየፈለጉ ነው።

ስብ በሰውነት ውስጥ ያለው ሥራ

ስብ በራሱ ጎጂ አይደለም። ነጭ የስብ ሕዋስ እንደ ጎተራ ነው፤ ከዕለት ፍጆታ የተረፈውን ኃይል ለክፉ ቀን ያከማቻል። ቡናማ የስብ ሕዋስ ደግሞ ስብን አቃጥሎ ሙቀት ያመነጫል። ችግር የሚመጣው ጎተራው ከልክ በላይ ሲሞላ ነው። በተለይም በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማቸው ስብ ከቆዳ ሥር ካለው ይልቅ ለጤና አደገኛ ነው።

መድኃኒቱ ወደ ሁሉም አካል ሲሠራጭ

እ.ኤ.አ በ1930ዎቹ በአሜሪካ ዳይናይትሮፌኖል የተባለ ኬሚካል ለክብደት መቀነሻ ይሸጥ ነበር። ኬሚካሉ ክብደት ይቀንስ ነበር፤ ነገር ግን የሚሠራው በስብ ሕዋሳት ብቻ ሳይሆን በመላው አካል በመሆኑ የሰውነትን ሙቀት ከልክ በላይ እያናረ ሰዎችን ለሞት ዳርጓል፤ የዓይን ሞራም አስከትሏል። እ.ኤ.አ በ1938 ለሰው እንዳይሰጥ ተከለከለ።

ሮሲግሊታዞን የተባለው የስኳር በሽታ መድኃኒትም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። መድኃኒቱ ነጭ ስብ የቡናማውን ጠባይ እንዲይዝ የማድረግ አቅም ቢኖረውም፣ በልብ ላይ ሊያደርስ ይችላል በተባለው ጉዳት ምክንያት እ.ኤ.አ በ2010 በአውሮፓ ከገበያ እንዲወጣ ተደርጓል። አረምን ለማጥፋት ማሳውን በሙሉ በኬሚካል መርጨት ሰብሉን እንደሚጎዳ ሁሉ፣ ዒላማውን ያልለየ መድኃኒትም ጤናማውን አካል ይነካል።

ናኖ ቁስ ምንድን ነው?

አንድ ናኖሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖሜትር ይደርሳል። ናኖ ቁሶች መጠናቸው በጥቂት ወይም በመቶዎች በሚቆጠሩ ናኖሜትሮች የሚለካ በመሆኑ በደም ሥር ውስጥ ተጉዘው፣ የተሸከሙትን መድኃኒት በተፈለገው ቦታ እንዲለቁ ተደርገው ሊሠሩ ይችላሉ።

እስካሁን የታዩ ውጤቶች

እ.ኤ.አ በ2016 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚሠሩት ሮበርት ላንገርና ባልደረቦቻቸው ሮሲግሊታዞንን በናኖ ቁስ ውስጥ በማድረግ፣ በስብ ውስጥ ከሚያልፉ የደም ሥሮች ጋር እንዲጣበቅ አደረጉ። ይህን የወሰዱ ወፍራም አይጦች በ25 ቀናት ውስጥ ከክብደታቸው 10 በመቶ ያህሉን ቀንሰዋል።

እ.ኤ.አ በ2017 ደግሞ የኮሎምቢያ እና የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ጥቃቅን መርፌዎች ያሉት፣ በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ማሸጊያ ሠሩ። መርፌዎቹ በናኖ ቁስ የተያዘውን መድኃኒት ከቆዳ ሥር ወዳለው ስብ ቀስ በቀስ ይለቃሉ። ከአራት ሳምንታት በኋላ መድኃኒቱ በተለጠፈበት የአይጦች ጎን ያለው ስብ ካልተለጠፈበት ጎን በ20 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

እ.ኤ.አ በ2022 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናኖ ቁሱ ራሱ እንደ መድኃኒት ሊሠራ እንደሚችል በአይጦች ላይ አሳይተዋል። ፖዘቲቭ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያለው ይህ ቁስ ኔጋቲቭ ቻርጅ ወዳለው የሆድ ዕቃ ስብ ይሳባል። እዚያም ሕዋሳቱን ሳይገድል ብዙ ስብ እንዳያከማቹ ያደርጋል።

ገና ያልተፈቱ ጥያቄዎች

እነዚህ ሦስት ውጤቶች የተገኙት በአይጥ ላይ ነው። በአይጥ የተሳካ ሕክምና ሁሉ በሰው ላይ አይሳካም። ወደ ደም የገቡ ናኖ ቁሶች በጉበትና በጣፊያ ሊጠራቀሙ ስለሚችሉ የረጅም ጊዜ ጉዳታቸው መጠናት አለበት። የስብ ሕዋስ እንዳያከማች ሲደረግም ስቡ ወደ ጉበትና ወደ ጡንቻ እንዳይዞር ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ዒላማን መለየት ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነም ታይቷል። በአሜሪካ ሂዩስተን የሚገኙ ተመራማሪዎች የስብን የደም ሥሮች ለይቶ የሚያጠቃ፣ ናኖ ቁስ ያልሆነ መድኃኒት ሠርተው ነበር። እ.ኤ.አ በ2011 ባወጡት ውጤት ወፍራም ጦጣዎች በአራት ሳምንት በአማካይ 11 በመቶ ክብደት ቢቀንሱም፣ መድኃኒቱ በኩላሊታቸው ላይ ጫና ፈጥሯል።

ለኅብረተሰቡ የሚጠቅም ጥንቃቄ

በምርምር ላይ ያሉት እነዚህ ቁሶች ሐኪም የሚያዝዛቸው መድኃኒቶች አልሆኑም። በመሆኑም «በናኖ ቴክኖሎጂ ስብ ያቀልጣል» ተብሎ በገበያ ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ የሚቀርብ እንክብል፣ ቅባትም ሆነ ሻይ የእነዚህ ጥናቶች ውጤት ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ማንኛውም አዋቂ ሰው የራሱን ሁኔታ ለማወቅ ክብደቱን በኪሎ ግራም ለክቶ፣ በሜትር የተለካ ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ማካፈል ይችላል። ለምሳሌ ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 87 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው ውጤቱ 30 ያህል ነው። ውጤቱ 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የክብደት መብዛትን፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ውፍረትን ያመለክታል። እንዲህ ያለ ውጤት ያገኘ ሰው በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም ሄዶ የደም ግፊቱንና የስኳር መጠኑን መመርመር፣ ስለ አመጋገቡና ስለ እንቅስቃሴውም ከባለሙያ ጋር መመካከር ይኖርበታል።