የሚያነበው ድምፅ ሲቋረጥ

በአርባ ምንጭ ከተማ፣ በሴቻ ወይም በሲቀላ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ ዓይነ ስውር ባለሙያ ጠዋት ኮምፒዩተሩን ከፍቶ የተላከለትን ደብዳቤ በጆሮው ማንበብ ጀመረ እንበል። ጥቂት እንደ ቆየ ድምፁ ይቋረጣል፤ ወይም ድምፁ ሳይቋረጥ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ሆሄያት ድርድር ይሰማዋል። አጠገቡ የተቀመጠው ባልደረባ ወደ ስክሪኑ ተመልክቶ «ደብዳቤው ይኸው አለ እኮ!» ይለዋል። ሁለቱም እውነት ተናጋሪዎች ናቸው። ለአንዱ የሚታየው ለሌላው ስለምን እንደማይሰማ ለመረዳት ግን የዕለቱን ብልሽት ብቻ መመልከት አይበቃም፤ ከኋላው ያለውን ታሪክ መመርመር ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው።

በጆሮ መማርና በቃል መያዝ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ዜማውና ቅኔው ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ዓይነ ስውራን ሊቃውንት በመምህርነት ወንበር ሲቀመጡ ኖረዋል። በጋሞ ደጋም ቢሆን ሽማግሌዎች በዱቡሻ ተሰብስበው የሚሰጡት ፍርድና የሚጠብቁት ወግ ተነግሮና ተሰምቶ የጸና እንጂ በወረቀት የሰፈረ አልነበረም። የዓይነ ስውሩ ችግር የበረታው የመንግሥት ሥራ በወረቀት መመራት በጀመረ ጊዜ ነው።

ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬይል እ.ኤ.አ. በ1824 ያወጣው የስድስት ነጥብ ጽሕፈት ለአማርኛ ተስማምቶ ከተዘጋጀ በኋላ፣ በሰበታው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤትና በሌሎችም ብዙ ተማሪዎች ተምረውበታል። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ተመሠረተ። ይሁን እንጂ ብሬይል በብሬይል የተጻፈውን እንጂ ከመዝገብ ቤት የሚመጣውን የቀለም ደብዳቤ ለማንበብ አያስችልም። ለዚህ የባልደረባን ዓይን መዋስ ግድ ነበር።

ስክሪን ሪደር የሚባለው መሣሪያ ከተወለደባቸው ሥፍራዎች አንዱም ይኸው የሥራ ባልደረባነት ነው። በአሜሪካ የአይቢኤም ተመራማሪ የነበሩት ጂም ታቸር፣ መምህራቸውና የሥራ ባልደረባቸው የሆኑት ዓይነ ስውሩ የሒሳብ ሊቅ ጄሲ ራይት ኮምፒዩተሩን ራሳቸው እንዲያነቡ በማሰብ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የኩባንያውን ስክሪን ሪደር ሠሩ። በ1978 በመኪና አደጋ ብርሃናቸውን ያጡት ቴድ ሄንተር ከአጋራቸው ጋር ያቋቋሙት ድርጅት በ1989 ጃውስን አወጣ፤ ለዊንዶውስ የሚሆነውም በ1995 ተከተለ። በ2006 ደግሞ ዓይነ ስውሩ አውስትራሊያዊ ማይክል ከራን ያለ ክፍያ የሚታደለውን ኤንቪዲኤ መሥራት ጀመረ፤ እንደ እርሱ ዓይነ ስውር የሆነው ጓደኛው ጄምስ ቴህም ተባበረው።

ታዲያ መሣሪያው ስለምን ይወድቃል? በዶስ ዘመን ስክሪኑ በ25 መስመርና በ80 ዓምድ የተደለደለ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሆሄ በማሽኑ ማስታወሻ ውስጥ በሆሄነቱ ተቀምጦ ይገኝ ነበር። የአንባቢው ሥራ ከዚያ አንሥቶ መናገር ነበር። ዊንዶውስ ሲመጣ ግን ስክሪኑ ሥዕል ሆነ፤ ሆሄውም በነጠብጣብ የሚሣል ቅርጽ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ አንባቢው በፕሮግራሙና በስክሪኑ መካከል ገብቶ የሥዕሉን ትእዛዝ እየጠለፈ የገጹን ግልባጭ ለራሱ መያዝ ነበረበት። በመካከል የገባ ከሁለቱም ወገን ይገፋልና፣ ስክሪኑን የሚያሠራው ሶፍትዌር ሲለወጥ አንባቢው ይሰናከል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ማይክሮሶፍት ፕሮግራሞች ስለ ራሳቸው ለአንባቢው መልስ የሚሰጡበትን መንገድ ዘረጋ። በዚህ መንገድ ብዙው ችግር ቢቃለልም አዲስ ደካማ ጎን ተፈጠረ፤ የተጠየቀው ፕሮግራም መልስ ሳይሰጥ ከዘገየ፣ ጠያቂው አንባቢ አብሮት ፈዝዞ ይቆማል።

በእኛ ላይ ደግሞ ሌላ ታሪክ ተደርቧል፤ እርሱም የፊደላችን ታሪክ ነው። የቀድሞው የኮምፒዩተር የሆሄ ሠንጠረዥ ለላቲን ፊደል የተዘጋጀና ከ256 ቦታ የማያልፍ ነበር። ከ200 በላይ ሆሄያት ያሉትን ፊደላችንን በዚያ ለማስገባት የደከሙ ባለሙያዎች በላቲኑ ሆሄ ቦታ ላይ የእኛን ሆሄ ቅርጽ መሣል የሚል ብልኀት አገኙ። መሥሪያ ቤቶቻችን የለመዷቸው የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ የቀድሞ ፎንቶች በዚሁ ዘዴ የተሠሩ ነበሩ። ብልኀቱ ለአገር ታላቅ ውለታ ውሏል፤ ጽሕፈታችን ከመጻፊያ መኪና ወደ ኮምፒዩተር የተሻገረው በእርሱ ነውና። ሆኖም ብልኀቱ ለዓይን የተበጀ ነበር። ማሽኑ በውስጡ የሚያውቀው የላቲኑን ሆሄ ስለሆነ፣ እኛ «ሰላም» ብለን ያነበብነውን ቃል ስክሪን ሪደሩ የእንግሊዝኛ ሆሄያትና ምልክቶች ዝርዝር አድርጎ ይጠራዋል። አንባቢው አልተሳሳተም፤ የተሰጠውን በታማኝነት አንብቧል።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው። በ2007 መባቻ ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። አገራችን አዲሱን ሺህ ዓመት በተቀበለችበት በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ወጥቶ፣ አሠሪው የሥራ አካባቢውንና የሥራ መሣሪያውን ለአካል ጉዳተኛው እንዲያመቻች ግዴታ ጣለበት። እንግዲህ በዚያ ዓመት ሆሄው፣ ያለ ክፍያ የሚገኘው አንባቢና ሕጉ፣ ሦስቱም በእጃችን ገብተው ነበር። ኢስፒክ የተባለው ነጻ የድምፅ መሣሪያም ከቋንቋዎቹ አንዱ አማርኛ ሆኗል። በአሮጌ ፎንት የመጻፍ ልማዳችን ግን ከነዚህ ሁሉ ጋር እኩል አልተራመደም።

ይህ ልማድ በአርባ ምንጭ የራሱ ክብደት አለው። ከተማዪቱ ቀድሞ የጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር ርእሰ ከተማ ነበረች። በ1979 ዓ.ም. የተከፈተው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. የጋሞ ጎፋ ዞን ጋሞና ጎፋ ተብሎ ተከፈለ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። አስተዳደር በተከፈለና በተዛወረ ቁጥር ፋይል ከእጅ ወደ እጅ ይሻገራል። በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ቃለ ጉባኤ በጆሮው ለሚያነብ ሠራተኛ የታሸገ ሣጥን ነው። ፎንቱ በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ያልተጫነ እንደ ሆነም ዓይናማው ራሱ የሚያየው ያንኑ የላቲን ድርድር ነው፤ ያን ጊዜ ባልደረባው ሲሰማ የኖረውን በዓይኑ ያየዋል። ጋሞኛ ደግሞ በላቲን ሆሄ ስለሚጻፍ ማሽኑ ሆሄውን ያውቀዋል፤ ነገር ግን የእንግሊዝኛው ድምፅ በእንግሊዝኛ ሕግ ያነበዋልና የሚጠብቀውና የሚላላው ይደበላለቃል።

ስለዚህ ድምፁ ሲጠፋ በመጀመሪያ የጠፋበትን ዓይነት መለየት ይገባል። አንባቢው ራሱ ወድቆ ከሆነ፣ ኤንቪዲኤን ኮንትሮል፣ አልትና ኤንን በአንድነት በመጫን እንደገና ማስነሣት ይቻላል፤ መውደቁ ከተደጋገመ ተጨማሪ ክፍሎቹን አግዶ ማስጀመርና የመዝገብ ፋይሉን መመልከት ምክንያቱን ለመለየት ይረዳል። አንባቢው ሳይወድቅ ሌላውን ፕሮግራም እየጠበቀ ከሆነ፣ መታረም ያለበት የፈዘዘው ፕሮግራም ነው። ጃውስ ልክ 40 ደቂቃ ሠርቶ ካቆመና ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ እስኪነሣ ድረስ ካልተመለሰ ደግሞ ፈቃድ ሳይገዛለት የሚሠራ መሆኑን ያመለክታል፤ ይህም የውል ገደብ እንጂ ብልሽት አይደለም። ድምፁ እየተሰማ ትርጉም ከሌለው ግን ኮምፒዩተሩን መፍታትና መግጠም ዋጋ የለውም። የሚታረመው ጽሑፉ ነው፤ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፣ በስካን የተነሣ ፎቶግራፍ ከሆነም ዋናውን ጽሑፍ ከላኪው መጠየቅ ያስፈልጋል።

የማኅበራችን አባላት ይህን ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ምክንያት አለ። ደብዳቤው ሳይመለስ ሲውል በመዝገብ የሚሰፍረው የፎንቱ ስም አይደለም፤ የሠራተኛው ስም ነው። «ሥራው ዘገየ፤ አልቻለም» ይባላል። ታሪኩን ያወቀ ባልደረባ ግን ከመፍረዱ በፊት ደብዳቤውን ማን፣ በምን ፊደል እንደ ጻፈው ይጠይቃል። ብዙ ጊዜም መልሱን ከራሱ ኮምፒዩተር ላይ ያገኘዋል።