የቸኮለ ጎማ ቀደደ

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ሚኒሶታ የሚኖሩት አጎቴ በጥር ወር የደወሉልኝ ስልክ ነው። መኪናቸውን ማታ አሳጥበው ውጪ ያቆሙታል። ሌሊቱን ብርዱ ይበረታል። ጠዋት ሥራ ረፍዶባቸው የሾፌሩን በር ቢስቡት እምቢ! ደግመው ሳቡት፣ እምቢ! በሦስተኛው ባለ በሌለ ኃይላቸው ሲጎትቱት ተከፈተ፤ በበሩ ዙሪያ የሚዞረው ጥቁር ጎማ ግን ተቀዶ ተንጠለጠለ። «ሥራውም አልደረስኩ፣ ጎማውም አልተረፈልኝ» አሉኝና ሳቁ።

እኛ አዲስ አበባዎች መካኒኮቻችን ጎሚኒ የሚሉትን ይህን ነገር የምናውቀው አቧራና ዝናብ ሲያስገባ ነው። እኔም ነገሩን በሳቅ አልፌው ነበር። ማታ ግን «ጎማና ብርድ ምን አጣላቸው?» ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ጠቡ ለካስ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1830ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ በጎማ አብዳ ነበር። ከዛፍ በሚፈስ ነጭ ወተት የሚሠራው ጎማ ውሃ አያስገባም ተባለና ጫማውም ካፖርቱም ከእሱ ይሠራ ጀመር። ደስታው ግን ዓመት አልዘለቀም። በሙቀቱ ወራት ጎማው እየቀለጠ ይሸታል፣ ይጣበቃል። በብርዱ ወራት ደግሞ እንደ እንጨት ደርቆ ይሰነጠቃል። ደንበኞች ዕቃቸውን መለሱ፣ ፋብሪካዎች ከሰሩ።

ቻርልስ ጉድይር የሚባል የከሰረ የብረታ ብረት ነጋዴ ግን ነገሩን አልለቀቀውም። የኬሚስትሪ ትምህርት የለውም፣ ለዕዳው ደጋግሞ ታስሯል፣ ቤተሰቡን በችግር ቆልቷል። በ1839 ማሳቹሴትስ ውስጥ ጎማና ድኝ የቀላቀለበት ቁራጭ የጋለ ምድጃ ላይ አረፈ። ይቀልጣል ሲባል አልቀለጠም፤ እንደ ቆዳ ጠበሰ። ከዚያ ያደረገው ነው የሚገርመኝ። ቤተሰቡ እንደተረከው ያንን ቁራጭ ከማዕድ ቤቱ በር ውጪ በምስማር መታውና ሌሊቱን ብርድ ላይ አሳደረው። ጠዋት ሲያወርደው እንደትናንቱ ይተጣጠፋል!

ድኙ የሠራው ሥራ ይህ ነው፦ ረጃጅሞቹን የጎማ ሞሌኪሎች እንደ ድልድይ እርስ በርስ ያያይዛቸዋል። ስለዚህ ጎማው ሲሳብ ይለጠጣል፣ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጉድይር የአሜሪካ ፓተንቱን በ1844 ቢያገኝም በ1860 ሲሞት ወደ 200,000 ዶላር ዕዳ ጥሎ ነው። ስሙን የያዘው የጎማ ኩባንያ የተመሠረተው በ1898 ነው፤ መሥራቾቹ ከቤተሰቡ ጋር ምንም ዝምድና አልነበራቸውም። እንግዲህ ዕድል!

ድኝ ግን ብርድን አላሸነፈም፤ ገፋ አደረገው እንጂ። ማንኛውም ጎማ ዓይነቱ ይለያይ እንጂ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል፤ ከተጫነ በኋላ ወደ ቅርጹ ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል። በ1920ዎቹ መጨረሻ አሜሪካኖች በአብዛኛው ጣሪያና መስኮት ያለው መኪና ይነዱ ስለነበር የበር ጎማ የግድ ሆነ። በ1931 ዱፖንት ኒዮፕሪን የተባለውን ሰው ሠራሽ ጎማ ይፋ አደረገ፤ በ1960ዎቹ ደግሞ ዛሬ አብዛኞቹ የመኪና በሮች ላይ ያለው ኢፒዲኤም ገበያ ላይ ዋለ። ይሄኛው ፀሐይንም ውርጭንም ይችላል። እንግዲያው የአጎቴን ጎማ ምን ቀደደው? በጎማውና በብረቱ መካከል የቀረው የእጥበት ውሃ በረዶ ሆኖ ሁለቱን አጣበቃቸው። የያዘው በረዶው ነው፤ የቀደደው ችኮላው ነው።

ችኮላ ካልኩ ዘንድ የ1986ቱን ላውራ። ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር በረራዋ ተደጋግሞ ተላልፎ ነበር። ጥር 28 ሊነጋ ሲል ውርጭ ሆነ። የሮኬቶቿ መገጣጠሚያዎች የሚታሸጉት በቀለበት ጎማ ነው። ማታውኑ ሮኬቱን የሠራው የሞርተን ታዮኮል መሐንዲሶች፣ ከእነሱም መካከል ሮጀር ቦይስጆሊ፣ ከ12 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እንዳትነሳ ለመኑ። ናሳ ተቆጣ፣ የኩባንያው አለቆችም ሐሳባቸውን ቀየሩ። በማግስቱ በ2 ዲግሪ ግድም ተነሳች። የቀዘቀዘው ጎማ ቶሎ ተመልሶ ክፍተቱን መዝጋት አልቻለም። በ73ኛው ሴኮንድ መንኮራኩሯ ተበታተነች፤ ሰባት ሰዎች አለቁ፤ አንዷ አስተማሪ ነበረች።

የካቲት 11 የፊዚክሱ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን በምርመራው ስብሰባ ላይ የዚያን ጎማ ቁራጭ በመቆንጠጫ ጨምቆ የበረዶ ውሃ ውስጥ ነከረው። አውጥቶ ሲለቀው ጎማው ወዲያው አልተመለሰም። ይኸው ነው! ጉድይር በማዕድ ቤቱ በር ላይ አንድ ሌሊት የጠበቀለትን ጥያቄ፣ ያን ሁሉ ገንዘብና ሊቅ የያዘ ድርጅት ፀሐይ እስኪሞቅ መጠበቅ አቃተው።

ወደ አጎቴ በር ልመለስ። ቅዳሜ ሞቅ ያለ ጋራዥ ውስጥ አስገቡት። የተቀደደውን በአልኮል ጠርገው አደረቁ፣ በመኪና ጎማ ማጣበቂያ ገጠሙ፣ በፕላስተር አስረው እስከ ማግስቱ በሩን ሳይዘጉ አሳደሩት። ያዘ። (ረጅም ቅድ ቢሆን መቀየር ነበረበት።) አሁን ከታጠበ በኋላ የበሩን ዙሪያ በጨርቅ ያደርቁና ስስ ሲሊኮን ይቀቡታል። የሞተር ዘይት አይሆንም፤ ኢፒዲኤምን ያሳብጠዋል። በሩ ከተጣበቀ ከመሳብ በፊት በትከሻ ወደ ውስጥ ገፋ ማድረግ በረዶውን ይሰብረዋል፤ ካልሆነም በሌላ በር ገብቶ ሞተሩን አስነስቶ ማሞቅ ነው። የፈላ ውሃ ማፍሰስ ግን መስታወት ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ውሃውም ተመልሶ ይቀዘቅዛል።

«ጋሼ፣ እና አሁን ጠዋት ጠዋት እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«አሥር ደቂቃ ቀድሜ እወጣለሁ» አሉኝ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ አባቶቻችን። የፈሰሰውስ ይለቀማል፤ የተቀደደውም ይጣበቃል። በ73 ሴኮንድ የሄደውን ግን ማን ይለቅመዋል? «ቆይ» የሚል ሰው ስትሰሙ አሥር ደቂቃ ስጡት።