ሳሚው ትኋን ከገንዲ ጋር ምን አገናኘው?

እ.ኤ.አ. በ2025 መኸር ላይ፣ እዚሁ ኖርዝላንድ፣ ከሞርስ ሮድ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ያገሬ ልጅ ጎረቤቴ ማታ በሬን አንኳኳ። በእጁ የጃም ጠርሙስ ይዟል፤ ውስጡ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቡናማ ተባይ አለ። «ጋሼ፣ ይሄ በዜና ያወሩለት ልብ የሚያደክመው ትኋን አይደለም እንዴ?» አለኝ። የኔ ሙያ መንገድና ድልድይ ነው እንጂ ተባይ አይደለም። ሰውየው ግን ተጨንቆ ነበርና አብረን ተቀምጠን ማንበብ ጀመርን። ያገኘነው ለአንባቢያንም ይጠቅም ይሆናል ብዬ ጽፌዋለሁ።

የወሬው መነሻ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በሚያሳትመው መጽሔት ላይ በዚያው ዓመት የወጣ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊዎቹ የሻጋስ በሽታ ከውጭ የሚመጣ ብቻ ሳይሆን አሜሪካ ውስጥም የሰፈረ ተብሎ ይቆጠር ይላሉ። ተባዩ በ32 ግዛቶች ታይቷል፤ ኦሃዮም ከነዚህ አንዷ ናት። በሽታው እዚሁ አገር የያዛቸው ሰዎች የተገኙት ግን ቴክሳስና ካሊፎርኒያን ጨምሮ በስምንት ግዛቶች ሲሆን፣ ኦሃዮ ከስምንቱ ውስጥ የለችም።

አሜሪካኖች ተባዩን «ኪሲንግ በግ» ይሉታል። (በፊደላችን ሲጻፍ የሚሳሳም በግ ይመስላል፤ ስለዚህ እኔ ሳሚ ትኋን ብዬዋለሁ።) ስሙ የወጣለት ሌሊት የተኛን ሰው አፍና ዓይን አካባቢ ስለሚነክስ ነው። በሽታውን ያገኘው ብራዚላዊው ሐኪም ካርሎስ ሻጋስ ነው። ወደ ላሳንስ የተላከው የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችን ከወባ እንዲጠብቅ ነበር፤ በጭቃ ቤቶች ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ የሚኖረውን ይህን ተባይ ያሳዩት የሐዲዱ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1909 ጥገኛ ተሕዋሱን ቤሬኒሴ በምትባል የሁለት ዓመት ሕፃን ደም ውስጥ አገኘ።

ይህ ተሕዋስ ለኛ ባዳ አይደለም። ቆላ ከብት ያረባ ሰው ገንዲን ያውቃል፤ ከብቱ ከስቶ፣ ጠጉሩ ቆሞ የሚያልቅበት በሽታ ነው። የገንዲና የሻጋስ ተሕዋሳት የአንድ ወገን፣ ትሪፓኖሶማ የሚባሉ ናቸው። ሦስተኛው ዘመዳቸው የሰው የእንቅልፍ በሽታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ጋምቤላ ውስጥ በጊሎ ወንዝ አካባቢ ተነሥቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በደቡብ ክልል አምስት ሰዎች ላይ ተገኝቷል።

የሚለያዩት በመተላለፊያቸው ነው። የቆላ ዝንብ ተሕዋሱን ሲነክስ ከምራቁ ጋር ያስገባዋል። የሳሚ ትኋን ምራቅ ግን ተሕዋሱን አይዝም፤ ደም ጠጥቶ ሲጠግብ እዚያው ይጸዳዳል፣ ሰውየው በእንቅልፍ ልቡ ያክካል፣ ኩሱም በቁስሉ ወይም በዓይኑ ይገባል። ለዚህ ነው አንድ ንክሻ ብቻውን እምብዛም የማያሲዘው፤ አደጋው የሚያይለው ተባዩ በሰፈረበት ቤት ለብዙ ሌሊት ሲታደር ነው። የአሜሪካዎቹ ዝርያዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከጠጡ በኋላ ቆይተው ነው የሚጸዳዱት። ተባዩን ያገኘ ሰው በእጁ አይጨፍልቀው፤ በጠርሙስ ይያዘው፣ የነካውንም ቦታ በበረኪና ውሃ ይጠበው።

በሽታው መጀመሪያ ቀላል ትኩሳት፣ አንዳንዴም የአንድ ዓይን ቆብ እብጠት ያሳይና ይጠፋል። ከዚያ ለ10 ወይም ለ20 ዓመት ዝም ይላል። ከተያዙት ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ግን በኋላ ልባቸው ወይም አንጀታቸው ይታመማል፤ የልብ ምት ተዛብቶ በድንገት የሚሞትም አለ። ቤንዝኒዳዞልና ኒፈርቲሞክስ የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች አሉ፤ በጊዜ ሲጀመሩ ይበልጥ ይረዳሉ።

የጎረቤቴ ተባይ ሳሚ ትኋን አልነበረም። የኋላ እግሩ እንደ ቅጠል ሰፋ ያለ፣ ብርድ ሲመጣ ወደ ቤት የሚገባ የጥድ ፍሬ መጣጭ ሆኖ ተገኘ። ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጀርባው ላይ የማርሽ ጥርስ የመሰለ ነገር ያለው ግራጫ ተባይ ነው፤ ነክሶ ያሳምማል፣ ሻጋስን ግን አያመጣም። እውነተኛው ጥቁር ሆኖ ጭንቅላቱ ሾጠጥ ያለ፣ የሆዱ ዳር ብርቱካናማ ወይም ቀይ ሽንትር ያለው ነው። የምናውቀው የአልጋ ትኋን ከሱ በብዙ ያንሳል፣ ክንፍም የለውም።

ጠርሙሱን አስቀምጠን ቡና ስንጠጣ ግን ሌላ ጨዋታ መጣ። ይህ ልጅ አሜሪካ የገባው በአውሮፕላን አይደለም። ኢኳዶር ገጠር ውስጥ በጭቃ ቤት አራት ወር ተቀምጦ፣ ከዚያ በኮሎምቢያና በዳሪየን ጫካ አልፎ ነው። ስንቱ ወገናችን በዚያ መንገድ መጥቷል! እዚህ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ግን የትውልድ አገር ይጠየቃል፤ ኢትዮጵያ ሲባል የሳንባ ነቀርሳና የጉበት ምርመራ ይታዘዛል። የት የት እንዳደረ የጠየቀው አልነበረም። ሻጋስ የሚፈለገው በላቲን አሜሪካ ሰዎች ላይ ስለሆነ፣ ፓስፖርታችን ይሸፍነናል። ጥቂት ሌሊት ብቻ ያደረ ሰው ሥጋቱ ትንሽ ነው፤ ወራት የቆየ ግን፣ በተለይ እርጉዝ ሴት ወይም ልጅ ለመውለድ ያሰበች፣ ራሷ አንስታ ብትናገር ይሻላል፤ ከእናት ወደ ፅንስ ይተላለፋልና። በደምም ስለሚተላለፍ እዚህ አገር የሚለገስ ደም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ይመረመራል።

ጎረቤቴ በማግሥቱ ለሐኪሙ ደወለ። ምርመራው የደም ነው፤ አንዱ ብቻውን ስለማይታመን በሁለት ዓይነት ዘዴ ይረጋገጣል። በሦስተኛው ሳምንት ነጻ ነህ የሚል መልስ መጣለት።